ያልሳቀው ዘበኛ

ማሒር ጅን ነው። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል፤ እሱ ራሱ እንኳ አንዳንዴ ይዘነጋዋልና። በሐረር ግንብ በጀጎል ውስጥ፣ ከኤረር በር ብዙም በማይርቅ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ባለ አንድ የድሮ የድንጋይ ቤት መኖር ከጀመረ ስንት ዘመን እንዳለፈው አያውቅም። ያን ሁሉ ዘመን ግን አንድም ሰው በወጉ አስፈራርቶ አያውቅም። አልሞከረም እንዳይባል ሞክሯል። ገና ወጣት ሳለ ግድግዳ ቢያንኳኳ የቤቱ ሰዎች አይጥ ነው ብለው ድመት አመጡ። ቢያቃስት ጎረቤት በሽተኛ ያለ መስሏቸው ሾርባ ይዘው ሄዱ። አንድ ቀን ቆርጦ ተነሳና እንደ ጭስ ተትጎልጉሎ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ የዚያን ጊዜዋ እመቤት "ወጡ አረረ!" ብላ ወደ ማድቤት ሮጠች። ከዚያ ወዲህ ነገሩን እርግፍ አድርጎ ተወው። ማስፈራራት ለሁሉም አይሰጥም እያለ ራሱን ያጽናናል እንጂ ሲያስበው ሆድ ይብሰዋል።

አብሮት የሚኖረው ሻምበል ጌታነህ ደግሞ ዛር ነው። ዛር መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሳይጠየቅ ይናገራል። ከሸዋ ከመጡት ወታደሮች ጋር፣ በአንድ ባለ ማዕረግ ሚስት ትከሻ ላይ ተቀምጦ ሐረር እንደገባ፣ በአቦከር የሚኖሩ ትልልቅ ወይዘሮዎች ሁሉ በየተራ ፈረሶቹ እንደነበሩ፣ ሽቶ ካልተረጨለት አፉን እንደማይከፍት ይተርካል። ፈረስ የሚለው ያደረባትን ሴት ነው፤ ዛሮች እንዲያ ነው የሚሉት። የመጨረሻዋ ፈረሱ ፍሬሕይወት የምትባል የአቦከር ሴት ነበረች። ከእሷ የወጣበትን ቀን ሲያወራ የጦር ሜዳ ታሪክ ይመስላል፤ የቄስ መዓት፣ የመቁጠሪያ መዓት፣ በበርሜል የተጫነ ጠበል። "በመጨረሻ ለሴትዮዋ አዘንኩላትና በገዛ ፈቃዴ ወረድኩ" ብሎ ይጨርሳል። ሻምበልነቱን ማን እንደሰጠው ማሒር ጠይቆት አያውቅም። ቤት ተጋርተው የሚኖሩ ሰዎች አንዳንድ ነገር ባይጠያየቁ ነው የሚሻለው።

ሦስተኛው ሀብተወልድ ነው። የቤቱ ባለቤት አዴ ዐዚዛ ከልጃቸው ከዓቢር ጋር ከግንቡ ውጭ ወዳለው አዲስ ቤት ሲዛወሩ፣ የአባቶቻቸው ቤት ባዶውን እንዳይቀር ብለው የቀጠሩት ዘበኛ። የመጣ ዕለት፣ ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ሲራመድ ትንሽ የሚያነክስ ዝምተኛ ሰውዬ ነበር። ማሒር ለወጉ ያህል ግድግዳ አንኳኳ። ሰውየው ቀና እንኳ ሳይል "ግባ" አለ።

ማሒርን በዕድሜው ማንም ግባ ብሎት አያውቅም። ገባ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የማይለያዩ ወዳጆች ሆኑ።

ሀብተወልድ ጠባዩ ለየት ያለ ሰው ነበር። ሥጋ አይቀምስም። ጾመኛ ነኝ ይላል፤ ጾሙ ግን ፋሲካም ገናም የለው፣ ሥጋ ቤት ያለበትን መንገድ እንኳ ዞሮ ነው የሚያልፈው። ጅብ ደግሞ ይፈራል። መግሪብ፣ የምሽቱ ሶላት ሲቃረብ በሩን ቆልፎ፣ ከበስተኋላ ግንድ አስደግፎ፣ በግንዱ ላይ ይቀመጣል። ከሁሉ የሚገርመው ሲስቅ ታይቶ አለመታወቁ ነው። የሚያስቅ ነገር ሲመጣ የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ይወትፋል። ሻምበል ጌታነህ "ጥርሱ አስቀያሚ ስለሆነ ነው" ይላል፤ ማሒር ግን የጨዋ ልጅ ስለሆነ ነው ብሎ ያምናል።

ጅብ መፍራቱን ማሒር አልጠላበትም። በሐረር ሰውና ጅብ ተስማምተው ይኖራሉ፤ ግንቡ ላይ ለጅብ መግቢያ የተተወ ቀዳዳ አለ፣ ጅቡም ምሽት ላይ ይገባና የሥጋ ቤቱን ትርፍ ጠራርጎ ይሄዳል። ጠራርጎ የሚሄደው ደግሞ አጥንት ብቻ አይደለም። ጅብ ጅን ይበላል ይባላል፤ ሲስቅ ከተሰማም ጅን ዋጠ ማለት ነው። የከተማው ሰው ይህን ለእንግዳ ሲያወራ ደስ እያለው ነው። ማሒር ግን ይህን ወሬ በሰማ ቁጥር ቆጥ ላይ ወጥቶ ይደበቃል፤ ለምን እንደሚደበቅ ደግሞ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

የሚናገረው ሌላ ታሪክ ነበረው። ታሪኩ የሚነገረው በሩ ተቆልፎ፣ ሦስቱም በቀይ አፈር በተለበጠው መደብ፣ በነደባው ላይ ሲቀመጡ ነው። "ቢስሚላህ" ይልና ይጀምራል። "በዐሹራ ዕለት በፈረስ መጋላ በኩል ስመለስ አንድ ጅብ መጣብኝ። ጅብ ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ግመል ነው የሚያክለው። ወላሂ ሳላስበው ዋጠኝ። እኔ ግን የዋዛ መሰልኩት? የጎድኑን አጥንት በሁለት እጄ ጨበጥኩና ነቀነቅኩት። ጨጓራውን በቡጢ ነረትኩት። ሲጨንቀኝ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሆዱን ቀድጄ ወጣሁ! ጅቡ መሬት ላይ እየተንከባለለ፣ ማረኝ ጌታዬ፣ አለኝ።"

እዚህ ላይ ሲደርስ ሀብተወልድ ጋቢውን አፉ ውስጥ ወትፎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ማሒር ፈርቶ ነው ብሎ ያዝንለታል።

"ከዚያስ?" ይላል ሀብተወልድ ትንፋሹን ሲሰበስብ፤ ሁልጊዜ ነው የሚጠይቀው። "ጅቡስ ምን ሆነ?"

"በኀፍረት አገር ጥሎ ጠፋ። ወገኖቹም አባረሩት አሉ።"

"ሳያባርሩት አይቀሩም" ይላል ሀብተወልድ፤ ከዚያም ሄዶ ግንዱን በሩ ላይ ያጠብቃል።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ማሒር ጅቡ አፍ ውስጥ እንደገባ ጎድንም አልጨበጠም፣ ቡጢም አልሰነዘረም። አለቀሰ። እናቱን ጠርቶ፣ ንፍጡ ጢሙ ላይ እስኪወርድ አለቀሰ። ጅቡ ጥቂት ቆሞ ሰማውና ተፋው። ይኸው ነው። ማሒር ሕይወቱን በሙሉ ሲሸሸግ የኖረው ይህቺን ነገር ነው። ማስፈራራት ያልቻለ ጅን መሆኑ ያሳፍራል፤ አልቅሶ ከጅብ አፍ የተተፋ ጅን መሆን ግን ከዚያም የባሰ ነው።

እንዲህ እንዳለ ዓመታት ሄዱ። ነገር የመጣው በዓቢር በኩል ነው። ዓቢር የሚሠራ ጭንቅላት ያላት ልጅ ናት፤ ቤቱን ለጎብኚ ማረፊያ ላድርገው አለች፤ ቀለም ቀባች፣ ሻወር አስገባች፣ ስልኳን ይዛ በየማዕዘኑ ፎቶ አነሳች። እስከዚህ ማሒርም ወዶላት ነበር። ችግሩ የአለላ ስፌቶቹ ናቸው። ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ስፌቶች እያንዳንዳቸው ቦታ አላቸው፤ ጥንዶቹ ትይዩ ይሆናሉ፣ ለአማት የተሰፋው የሚሰቀልበት አለ፣ የሟች አያት እጅ ሥራ የሚሰቀልበት አለ። ዓቢር ግን ለፎቶ እንዲያምር ብላ በቀለማቸው አሰለፈቻቸው፤ ቀዩ ከቀይ፣ ቢጫው ከቢጫ። ማሒር ይህን ሲያይ የጥርስ ሕመም ያዘው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ከምሳ በኋላ ጋደም ብለው ሳለ ማሒር አላስችለው አለና የአማትየዋን ስፌት ወደ ቦታዋ መለሳት። ሴትየዋ ዓይኗን ስትገልጥ አንድ ስፌት ግድግዳውን ይዞ ቀስ እያለ ሲሄድ አየች። ጩኸቷ ሸዋ በር ድረስ ተሰማ ይባላል። ባልየው ሻንጣውንም ጫማውንም ትቶ ነው የወጣው።

ይኸው ነው እንግዲህ፤ ማስፈራራት ሲፈልግ ያልፈራው ሰው፣ ቤት ሲያስተካክል ፈራው። ማሒር ሊኮራም ሞክሮ ነበር፤ ግን ጊዜ አላገኘም።

አዴ ዐዚዛ መጀመሪያ ያደረጉት ጨዋ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ድምፃቸው ያማረ ቃሪእ፣ የቁርአን አንባቢ፣ አምጥተው ቁርአን አስቀሩ። ማሒር ሙስሊም ጅን ነው። ቆጡ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ፣ ልቡ ተነካ፣ እንባው መጣ፤ ዱዓው ሲደረግ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉ በላይ ጮክ ብሎ "አሚን!" አለ። ባዶው ቆጥ አሚን ሲል የሰማው ጉባኤ እርስ በርሱ ተያየ። ቃሪኡ ቀስ ብለው ጫማቸውን ፈለጉ፤ "ይኼማ የኛው ወገን ነው፣ በምን አስወጣዋለሁ?" ብለው ወጡ።

አዴ ዐዚዛ ነደባው ላይ ተቀምጠው ብዙ አሰቡ። በኋላም ዘበኛቸውን ጠሩት።

"ሀብተወልድ፣ ሳምንት ዐሹራ ነው" አሉት። "ለጅቦቹ ገንፎ የሚወጣበት ቀን፤ ታውቀዋለህ።"

"አውቃለሁ፣ አዴ።"

"ሌላው ከግንቡ ውጭ ያወጣላቸዋል፤ እኔ ግን ገንፎውን እዚሁ ግቢ ውስጥ አስቀምጣለሁ። መግሪብ ሲባል በሩን ክፈትላቸው። ይግቡና ጅኑን ይጥረጉልኝ። ጅብ፣ ወራባ፣ ያጸዳው ቤት ይጸዳል፤ እናቴ እንዲያ ትል ነበር። ልጄ ስንት ለፍታበታለች፣ ሥራዋ እንዳይበላሽባት።"

ሀብተወልድ መሬት መሬት እያየ "እሺ" አለ።

ማሒር ይህን ከቆጡ ላይ ሆኖ ሰማ። ነፍስ ካላቸው ፍጥረታት ሁሉ በዚያች ሰዓት እንደሱ የፈራ አልነበረም።

ሻምበል ጌታነህ ግን ደረቱን ነፋ። "ይህቺ ናት ጭንቀትህ? ነገ ሲመጡ እወጣባቸዋለሁ። ሐሳባቸውን አስቀይሬ፣ ሽቶ አስረጭቼ፣ ለአንተም አንድ ጥቁር ዶሮ አስጥልልሃለሁ!" አለ። ማሒር ዶሮው ለምን እንደሚጠቅመው ባይገባውም ሻምበሉን አቅፎ ሳመው።

በማግስቱ አዴ ዐዚዛ ከዓቢር ጋር መጡ። ሻምበሉ ጢሙን ጠመዝምዞ ዘሎ ትከሻቸው ላይ ወጣ። አዴ ዐዚዛ ግንባራቸውን ያዙ። ማሒር አሁን ያጓራሉ፣ አሁን በወፍራም ድምፅ ይናገራሉ ብሎ ጠበቀ።

"ራሴን" አሉ አዴ ዐዚዛ። "ዓቢር፣ እስቲ ቦርሳዬን ስጪኝ። ኪኒን ልዋጥ።"

ኪኒኑ ገና ከማሸጊያው ሲፈነቀል፣ አዴ ዐዚዛ ሳይውጡት፣ ሻምበል ጌታነህ "ኡኡ!" ብሎ በመስኮቱ ወጣ። ሲመለስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። የግቢው ጥግ ላይ ተኮራምቶ ተቀመጠ፤ ሽቶም አልጠየቀም።

"ቄስ የሚባል አልነበረም" አለ። "ጠበልም አልነበረም። ፍሬሕይወት ራሷን አመማት፣ ጤና ጣቢያ ሄደች፣ አንድ ኪኒን ሰጧት። ከራስ ምታቱ ጋር አብሬ ወጣሁ። የሚያሳዝነው ነገር ይህ አይደለም። እኔ እንደነበርኩባት እንኳ አላወቀችም። ሁልጊዜ ራስ ምታት ነው ስትል ነበር የኖረችው። ሻምበል የሚል ስም ያወጣሁትም ራሴ ነኝ።"

ማሒር በጣም አዘነለት። የራሱንም ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የሚናገርበት ሰዓት ቢኖር ያ ነበር። ግን ሀብተወልድ ቀና ብሎ አየው፤ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበር ዓይኑ። ማሒር "ጀግና ነው ብሎ የሚያስበኝ ይህ አንድ ወዳጄ ነው፤ እሱም ይናቀኝ?" ብሎ አፉን መልሶ ዘጋ። ይልቅ ሌላ ነገር ለመነው።

"ሀብቴ፣ በሩን አትክፈት" አለው። "አላህ ያሳይህ፣ ግንዱን አስደግፈህ እላዩ ላይ ተቀመጥ፣ እንደ ሁልጊዜው። ውጭ ልወጣ አልችልም፤ የዚያን ቀን የሐኪም ጋራ ጅብ ሁሉ ነው ወደ ግንቡ የሚወርደው።"

"አንተ እኮ ሆዱን ቀደህ የወጣህ ነህ" አለ ሀብተወልድ።

"ያኔ ወጣት ነበርኩ።"

ሀብተወልድ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። ተነስቶ እያነከሰ ወደ ማድቤት ሄደ። ማሒር ዝምታውን እሺ ነው ብሎ ተረጎመው፤ ሌላ የሚተረጉምበት ወኔ አልነበረውም።

የዐሹራ ዕለት ገንፎው በትልቅ ገበቴ መጣ፤ መሐሉ ላይ ቅቤው ኩሬ ሠርቷል። አዴ ዐዚዛ ገበቴውን ግቢው መሐል አስቀመጡና ከልጃቸው ጋር ከጎረቤታቸው ከዋፊቃ ጣሪያ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ጅቦቹ ከግማሽ በላይ በልተው ካስተረፉ ዓመቱ የጥጋብ ነው፤ ሳይነኩት ከሄዱ ወይም ሙልጭ አድርገው ከላሱት ደግሞ ክፉ ነው። ስለዚህ ጎረቤቱም በየጣሪያው ላይ ሆኖ ያያል። አዛን ተባለ። ማሒር በቆጡ ቀዳዳ አጮልቆ በሩን ተመለከተ። ሀብተወልድ ወደ በሩ ሄደ። ግንዱን አነሳ። ግድግዳው ጥግ አስቀመጠው። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

ማሒር እንዲህ ያለ ሐዘን ተሰምቶት አያውቅም። ፍርሃቱ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ጠፋበት። ግባ ብሎ ያስገባው የመጀመሪያው ሰው፣ ያን ሁሉ ምሽት አብሮት የተቀመጠው ሰው፣ አሳልፎ ሰጠው። ሻምበል ጌታነህ ደግሞ ከሻወሩ ቤት ውስጥ ተቆልፎ ይጸልያል፤ ዛር ለማን እንደሚጸልይ አላህ ነው የሚያውቀው።

ሀብተወልድ ከግቢው ወደ ቤት ገብቶ ነደባው ላይ፣ ሁልጊዜ ታሪክ የሚሰማባት ቦታ ላይ ተቀመጠ።

"ለምን?" አለው ማሒር ከላይ።

"ዛሬ ባልከፍት በሌላ ቀን፣ እኔ በሌለሁበት ይከፈታል" አለ ሀብተወልድ። "ዛሬ እኔ አለሁ። ውረድ፣ አጠገቤ ሁን።"

ሌላ ለማለት ጊዜ አልነበረም። ጅቦቹ መጡ። ግቢው በኮቴና በትንፋሽ ተሞላ፤ ገበቴው ሲንገጫገጭ ተሰማ። በየጣሪያው ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ አሮጊት ጅብ፣ አፏን ቅቤ እንዳቀባች፣ የቤቱን ደፍ ተሻግራ ገባች። በጅቦች ዘንድ አለቃዋ ሴት ናት፤ አሮጊቷም እንደ አለቃ ነው የገባችው። አየሩን አሸተተች። ከዚያ ነደባው ላይ የተቀመጠውን ሰው አየችና ቆመች።

"አንተ ተፊ" አለችው። "እዚህ ነህ?"

"እዚህ ነኝ" አለ ሀብተወልድ።

"ሰው መስለህ። ቂጣ እየበላህ።"

"ሥጋ እንዳልቀምስ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።"

ማሒር ቀን ቀን ሰው ስለሚሆኑ ጅቦች ወሬ ሰምቶ ያውቅ ነበር፤ ተረት ነው ብሎ ነው የናቀው። ጅን ሆኖ በተረት ማመን አሳፍሮት ነበር። አሁን የሰውየውን ሰፊ ትከሻ፣ የቀጠነ ወገቡን፣ ማነከሱን አየ። ያልተነካውን ሥጋ አሰበ። አፉ ውስጥ የተወተፈውን ጋቢ አሰበ። መቼም እንዲህ ዓይን ገላጭ በሆነ ቀን ዓይን ባይኖር ይሻል ነበር።

"የተፋኸው ጅን ሽታ እዚሁ ነው" አለች አሮጊቷ። "ስላለቀሰ ራራሁለት ብለህ ዘር ማንዘራችንን አዋረድክ። እግርህን የነከስኩህ ለዚያ ነው፤ ያባረርንህም ለዚያ ነው። ዋጠውና ጥፋትህን ሰርዝ፣ ወደ ቤትህም ተመለስ። እምቢ ካልክ እኔ እውጠዋለሁ፤ እኔ ደግሞ እንደማልተፋ ታውቃለህ።"

ማሒር ሀብተወልድ ላይ አፍጦ በልቡ ጠየቀው። አንተ ነህ? ያን ሁሉ ምሽት "ከዚያስ?" እያልክ የሰማኸኝ? ሆዱን ቀደድኩት ስል፣ ማረኝ አለኝ ስል፣ አንድ ቀን እንኳ ውሸትህን ነው ያላልከኝ?

ሀብተወልድ ወደ እሱ ዞረ። ፊቱ መለወጥ ጀምሮ ነበር፤ ዓይኑ ግን ያው ነው።

"እንዳትታገል" አለው ቀስ ብሎ። "እንደዚያን ጊዜው አልቅስ ብቻ።"

ማሒር ለማልቀስ ምክር አላስፈለገውም። የሀብተወልድ አፍ ተከፈተ፣ ዓለሙ ጨለመ። ውስጡ ይሞቃል፤ እርጥብ ድንጋይ ድንጋይ ይሸታል። ያን ሽታ ያውቀዋል፤ ሊረሳው ሲታገል የኖረው ሽታ ነው። እንደ በፊቱ እናቱን ሊጠራ ፈለገና የወጣው የእናቱ ስም አልነበረም፣ "ሀብቴ፣ ሀብቴ" ነው ያለው። ከዚያ ሳቁ መጣ። ያን ሁሉ ዓመት በጋቢ ሲታፈን የኖረው ሳቅ፣ ጎድኑን እያንቀጠቀጠ፣ ቤቱን አልፎ ወደ ጣሪያዎቹ ሄደ። ሳቅ ከውስጥ ሆነው ሲሰሙት ከሲቃ አይለይም።

"አልሐምዱሊላህ!" የሚል ድምፅ ከየጣሪያው ተሰማ። "ዋጠው! ጅኑን ዋጠው!" አዴ ዐዚዛ እልል አሉ።

አሮጊቷ ረካች። "ና" አለችው፤ ጭፍሮቿን ይዛ በበሩ ወጣች። ሀብተወልድ ግን "አንዴ ልላስ" ብሎ ገበቴው ላይ አጎነበሰ። ከላይ ለሚያይ ሰው ገንፎ የሚልስ አንካሳ ጅብ ነበር። ሆዱ አንዴ ተኮማተረ፤ ማሒር ራሱን ቅቤና ገንፎ ውስጥ ተነክሮ አገኘው።

"ስፌቶቹን አትንካ" አለው ሀብተወልድ በሹክሹክታ። "እንዳሻት ትስቀላቸው። ከነካህ ሌላ ጅብ ይጠራሉ።"

"ሀብቴ፣ እኔ እኮ ያን ታሪክ ሳወራ..."

"ታሪኩ ደህና ነው" አለ ሀብተወልድ። "እንዳትለውጠው።"

በአፍንጫው ገበቴውን ገልብጦ ደፋበትና ወጣ። ማሒር እጨለማው ውስጥ ሆኖ ያ የሚያነክስ እርምጃ መተላለፊያውን ሲወርድ፣ እየራቀ ሲሄድ ሰማው።

ዓመቱ የጥጋብ ሆነ፤ ጅቦቹ ከግማሽ በላይ በልተው አስተርፈው ነበርና ማንም አልተገረመም። የቤቱ ንጽሕናም ተረጋገጠ። ዘበኛው ደብዛው ስለጠፋ አዴ ዐዚዛ "ምስኪን፣ ጅብ እንደሚፈራ ድሮም አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" ብለው ከልባቸው ተጸጸቱ፤ ጋቢውንም አጥበው፣ ቢመለስ ብለው፣ አጥፈው አስቀመጡለት። የዓቢር ማረፊያ እንግዳ በእንግዳ ሆነ። ማሒርም በሐረር ከሚኖሩ ጅኖች ሁሉ ጨዋው ሆነ። አያንኳኳም፣ አያቃስትም፣ አሚን እንኳ በልቡ ነው የሚለው። ስፌቶቹ ቀዩ ከቀይ፣ ቢጫው ከቢጫ ተሰልፈዋል። የአማትየዋ ስፌት ሻወር ቤቱ በር ላይ ተሰቅላለች። በየቀኑ ያያታል፤ በየቀኑ ጥርሱን ያመዋል፤ አይነካትም።

አንድ ምሽት ሻምበል ጌታነህ ታሪክ አውራኝ አለው። ማሒር እውነቱን ነገረው፤ ማልቀሱን፣ መተፋቱን፣ ሁለት ጊዜ መተፋቱን።

ሻምበሉ ብዙ አሰበ። "እንዳትቀየመኝ" አለ በመጨረሻ፣ "የድሮው ይሻላል።"

"አዎ" አለ ማሒር። "እሱም እንደዚያ ነው ያለው።"

መግሪብ ካለፈ በኋላ ዓቢር እንግዶቿን ነደባው ላይ አስቀምጣ ስለ ቤቱ ታወራላቸዋለች። ማሒር በዚያ ሰዓት ቆጡ ላይ፣ ወደ ሐኪም ጋራ በምትከፈተው ትንሽ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። የጅብ ጆሮ ከሩቅ ይሰማል፤ ሹክሹክታም ቢሆን ይሰማል።

"ቢስሚላህ" ይላል ማሒር ወደ ጨለመው ጋራ። "በዐሹራ ዕለት በፈረስ መጋላ በኩል ስመለስ አንድ ጅብ መጣብኝ። ግመል ነው የሚያክለው። ጎድኑን ጨበጥኩት፣ ጨጓራውን ነረትኩት፤ ሲጨንቀኝ ምን አደረግሁ? ሆዱን ቀድጄ ወጣሁ!"

ጆሮውን ወደ መስኮቱ ያስጠጋል። ከዚያ ከሐኪም ጋራ በኩል፣ ምንም ጋቢ ያላፈነው ሳቅ ይመጣል።

"ሰማችሁ?" ትላለች ዓቢር ከታች ለእንግዶቿ። "እንዲህ ሲስቅ ጅን ዋጠ ማለት ነው።"

"ውይ፣ ጅኑስ?" አለች አንዷ እንግዳ።

"ጅኑማ አለቀለት።"

ማሒር እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገና፣ ጅቡ ማረኝ ጌታዬ ያለበትን ክፍል፣ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ቀጠለ።